ወደ ሰሜን የዞረው ግድግዳ

ጎንደር ውስጥ ካሜራ አንግቶ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፤ «ግንቡንስ?» ዓይናዲስ ይህን ጥያቄ ከሊስትሮ ሰምታዋለች፣ ከትራፊክ ፖሊስ ሰምታዋለች፣ ከገዛ አጎቷ ሰምታዋለች። አንድ ጊዜም ጃንጥላ ይዘው መንገድ የሚሻገሩ ቄስ ቆም ብለው ጠይቀዋታል። አንሥታዋለች እንጂ! ግንቡን ያላነሣ የጎንደር ፎቶ አንሺ ከየት ይመጣል? እሷን የሚያማልላት ግን ሌላ ነው። ትናንት የፈሰሰ አርማታ፣ ልስን ያልነካው ብሎኬት፣ ደረጃ ላይ እየተሰበረ የሚወርድ የቀትር ጥላ። ይህን ስታስረዳ ሰዎች በትዕግሥት ያዳምጧትና ራሳቸውን ነቅንቀው «ለማንኛውም ግንቡን አንሺው፤ ሸጋ ነው» ይሏታል።

እንጀራዋ ማራኪ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለችው ፎቶ ቤቷ ነው። ተመራቂው ጋዋን ለብሶ ይመጣል፣ አገጩን በጣቱ ደግፎ ሩቅ እንዲያይ ይደረጋል፣ ከጀርባው የመጻሕፍት መደርደሪያ የታተመበት ጨርቅ ይዘረጋል። ፊቱ ላይ ትንሽ ጥላ ከወደቀ «አጠቆርሽኝ» ብሎ ፎቶውን ይመልሳል። ስለዚህ ዓይናዲስ ቀኑን ሙሉ ጥላ ስታጠፋ ትውልና ከሥራ በተረፋት ሰዓት ጥላ ፍለጋ ከተማውን ታካልላለች። በዚህ ኑሮ መበሳጨት ከጀመረች ቆይታለች።

ዘንድሮ በሚያዝያ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር መጣ። አዲስ አበባ የሥዕልና የፎቶ ማሳያ አዳራሽ ያለው ጌትነት የሚባል ሰው፣ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈቻቸውን የሕንፃ ፎቶዎች አይቶ ደወለላት። «ጎንደር እንዲህ ያለ መልክ እንዳላት አላውቅም ነበር» አላት። ለሰኔ አዳራሹን ለእሷ ብቻ ሊሰጣት ቃል ገባ፤ አንድ ነገር ግን ጠየቀ። በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ትልቅ ግድግዳ አለ፤ እዚያ ላይ የሚሰቀል፣ ተመልካቹን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም አንድ ፎቶ ይፈልጋል። «ያ ከሌለ የቀሩት ቆንጆ ቆንጆ ፎቶዎች ብቻ ናቸው። አዳራሹንም ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አላት ሳያለዝብ። ዓይናዲስ አልከፋትም። የትኛው ፎቶ እንደሚሆን ወዲያው አወቀች፤ የቀረው ማንሣቱ ብቻ ነበር።

ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወርደው መንገድ ዳር የወይዘሮ እንኳየሁ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ። ፊቱ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰማያዊ መስታወት ነው፤ ከታች መድኃኒት ቤትና የሙሽራ ልብስ ማከራያ አለው። ሰሜናዊው ጎኑ ግን ሌላ ነው። ሕንፃው የታሰበው ሁለት እጥፍ ሆኖ ነበር፤ የተሠራው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ሊቀጠልበት የነበረው ግድግዳ ሳይለሰን ቀርቷል። ከየፎቁ የቢሞቹ፣ የአርማታ አግዳሚዎቹ፣ ጫፎች በመደዳ ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ፤ ከየጫፋቸውም ዝገት የበላው የፌሮ ብረት ተንጨባርሮ ወጥቷል። ዓይናዲስ እነዚያን ጫፎች ጉቶ ትላቸዋለች።

ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ያ ግድግዳ ፀሐይ አያይም። ፀሐይ ወደ ሰሜን በምታደላበት በግንቦት ግን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል፣ ብርሃኑ ከጣራው ጫፍ ተንሸራቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይወርዳል። ያን ጊዜ ክንድ የማይሞላው ጉቶ ጥላው አንድ ፎቅ ሙሉ ይወርዳል። የፌሮዎቹ ጥላ ብሎኬቱ ላይ ቀጫጭን መስመር ያሰምራል። ያ አስቀያሚ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በቀለም ብዕር የተጻፈ ብራና ይመስላል። ከዚያ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች፣ ጥላው ይጣመማል፣ ነገሩም ያበቃል።

ይህን መጀመሪያ ያየችው አምና በሚኒባስ ስታልፍ ነው። «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኻ ሹፌሩን አስደንግጣ ወረደች። ያን ቀን ካሜራ አልያዘችም። በስልኳ ብታነሣው የማይረባ ሆነ። በማግስቱ ካሜራውንና መቆሚያውን ተሸክማ መጣች፤ ደመና። በሌላው ቀን ዝናብ። ከዚያ ክረምቱ ገባና ግድግዳው ድፍን ግራጫ ሆኖ ቀረ። ዓመት ጠበቀች። ለሰው እንኳ ይህን ያህል ጠብቃ አታውቅም።

ዘንድሮ ግንቦት ሲገባ፣ ጥርት ባለች ቀን፣ ከሕንፃው ጎን ባለው ባዶ ቦታ ካሜራዋን ተክላ መጠበቅ ጀመረች። ብርሃኑ የላይኛዎቹን ጉቶዎች ገና ሲነካ አንድ ሰፊ መዳፍ ካሜራው ፊት ተዘረጋ። የሕንፃው ዘበኛ አያ ምንዳዬ ነበሩ፤ ከትክል ድንጋይ ገጠር መጥተው ከተማ የከረሙ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ጋቢያቸውን የማያወልቁ ሰው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ልታረጊ ነው?»

«ግድግዳውን ላነሣ ነው አያ።»

«ምነው ከፊቱ አታነሺውም? ፊቱ መስታወት፣ እንዴት ያለ ሸጋ! ይኸ እኮ ጀርባው ነው። ሰው በጀርባው ይነሣል?»

«እኔ የምፈልገው ይህንን ነው። እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ብርሃኑ ያልፍብኛል።»

«ብርሃንማ ነገም አለ። እመቤቲቱን ሳታስፈቅጂ አይሆንም። ባለፈው አንዱ ወጠጤ እንዲሁ አንሥቶ፣ ግማሹ ቤት እያለ በየስልኩ በተነውና ሲያለቅሱ ሰነበቱ።»

ዓይናዲስ ለመነች፣ ተቆጣች፣ እንደገና ለመነች። አያ ምንዳዬ መዳፋቸውን ንቅንቅ አላደረጉም። ብርሃኑ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ከጀርባቸው ግድግዳውን ወርዶ፣ ጥላውን ዘርግቶ፣ ሰብስቦ ሄደ። እሷ ያየችው በመዳፋቸው ዳርና ዳር የተረፈውን ነው። እርር ድብን አለች።

ወይዘሮ እንኳየሁ የሚኖሩት እዚያው ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ጥቁር ለብሰዋል። ዓይናዲስን እንደ ዘመድ ተቀብለው ዳቦና ሻይ አቀረቡላት፤ «ብዪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ፣ ወፍ ነሽ እንዴ?» እያሉ ሳትናገር አጎረሷት። ጉዳይዋን ስትነግራቸው መጀመሪያ ደስ አላቸው። የትኛው ግድግዳ እንደሆነ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«እሱንማ ተዪው» አሉ። «ባለቤቴ ደመቀ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀሪውን ከርሞ እንቀጥለዋለን ብሎ ነው ፌሮውን ያስተረፈው። ከርሞ ሳይመጣ እሱ ሄደ። ልጆቼም ባሕር ዳር ትዳር ይዘዋል፤ ማን ይቀጥለዋል? ሰፈሩ ምን እንደሚለን ታውቂያለሽ? ግማሹ ቤት። መድኃኒት ቤቱን እንኳ ለሰው ሲጠቁሙ፣ ግማሹ ቤት ሥር ያለው ይላሉ።»

እዚህ ላይ ዓይናዲስ ቀጥ ብላ «እትዬ፣ እኔ የምፈልገው እነዚያን የቢም ጫፎች ነው፤ ከነፌሯቸው» ማለት ነበረባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ብትናገራት ኋላ የሆነው ሁሉ ባልሆነ ነበር። ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? ሴትዮዋ ዳቦ ቆርሰው እያጎረሷት፣ የሚያፍሩበትን ነገር በስሙ ጠርታ «ያማረኝ ይህ ጉድለትዎ ነው» ልትላቸው ነው? ባደገችበት ቤት እንዲህ ያለ ንግግር ያስገርፋል። ስለዚህ ዙሪያውን ዞረች።

«ቤትዎ እኮ ግርማ አለው እትዬ እንኳየሁ» አለች። «በዚያ በኩል ነው ብርሃኑ የሚያምረው። አዲስ አበባ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ በር ፊት ለፊት ይሰቀላል። ስንቱ ሰው ቆሞ ያየዋል።»

«ስንቱ ሰው?»

«ብዙ ሰው። ጋዜጠኛም ይመጣል።»

«የደመቀ ስም ይጻፍበታል?»

«ከሥሩ ይጻፋል። እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

አንዱም ውሸት አልነበረም። ወይዘሮ እንኳየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ብዙ አሰቡ። «እንግዲያው ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ግን አይደለም። የዘንድሮው የደመቀ ሙት ዓመት ደርሷል፤ እሱ ይለፍልኝ። ቀኑን ደውዬ እነግርሻለሁ። እስከዚያ እንዳትመጪብኝ፤ አደራ።»

ዓይናዲስ እጃቸውን ስማ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ በራሷ ብልሃት ተደስታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት የሚያንጨረጭሩ ነበሩ። መሄድ ያልተፈቀደላት ቀን ሁሉ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ይጠራል። ቀትር በደረሰ ቁጥር የፎቶ ቤቷ በር ላይ ቆማ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ታያለች፤ አሁን ጣራውን ነክቷል፣ አሁን ወርዷል፣ አሁን አልፏል እያለች። ከዚያ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይመጣ የነበረው ደመና ቀትርን መሻማት ጀመረ። ጌትነት በየቀኑ ይደውላል። «እያነሣሁት ነው» ትለዋለች። አንድ ተመራቂ አፍንጫው ሥር ጥላ አለ ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስባት «ወንድሜ፣ አፍንጫ ስላለህ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ልጁ ደንግጦ ወጣ። እሷም ደንግጣ ተከተለችውና ይቅርታ ጠየቀችው፤ ጥላውንም አጠፋችለት።

ስልኩ የመጣው ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። «ነገ ነይ ልጄ፣ ተሰናድተናል» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። ዓይናዲስ በማግስቱ ጠዋት ሰማዩን አየች፤ አንድ ብጥስጣሽ ደመና እንኳ የለም። ካሜራዋን ታቅፋ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ፎቶው በዓይኗ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያታል፤ መደዳው ጉቶ፣ የተንጨባረረው ፌሮ፣ አንድ ፎቅ የሚወርደው ጥላ።

ከመንገዱ ወደ ባዶው ቦታ እንደ ታጠፈች መጀመሪያ ያየችው አያ ምንዳዬን ነው። ፈገግ ብለው ወንበር ተሸክመው ይመጣሉ። ቀጥላ የባሕር ዛፍ መወጣጫ የሚያፈርሱ ሠራተኞች አየች። ከዚያ ግድግዳውን አየች።

ተለስኗል። ክሬም ቀለም ተቀብቷል። ከላይ እስከ ታች ልሙጥ፣ ንጹሕ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ እንከን የሌለው ግድግዳ። ጉቶዎቹ የሉም። ግድግዳው ሥር የተከሰከሰ አርማታ ተቆልሏል፤ ከጎኑ የተቆረጠ ፌሮ እንደ ማገዶ ታስሮ ተቀምጧል። ክንዱ የሚባለው ግንበኛ እጁን በጆንያ እየጠረገ «ሌት ተቀን ሠርተን አደረስንልሽ» አላት፤ ምስጋናዋን የሚጠብቅ ይመስላል።

ዓይናዲስን መጮህ አማራት፤ በዚያ ባዶ ቦታ መሐል ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን እሪ ማለት። ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ የጠበቀችውን በመዶሻ ቀጥቅጠው፣ ልስን ለስነው፣ ቀለም ቀብተው፣ በወንበር ይቀበሏታል!

«እንዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ።

ዘወር ብላ ስታያቸው አላወቀቻቸውም ነበር። ጥቁሩን አውልቀዋል። ጥለቱ ወርቅማ የሆነ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሹሩባ ተሠርተው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይስቃሉ።

«ጉቶዎቹ…» አለች ዓይናዲስ። «ማለቴ፣ እነዚያ የወጡት ጫፎች…»

«አስቆረጥኋቸው!» አሉ እጃቸውን አጨብጭበው። «ስንቱ ሰው ሊያየው፣ እንዴት ብዬ በዚያ ጉዱ አሳየዋለሁ? የደመቀ ስም ሊጻፍበት! ደግሞ ልንገርሽ። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ፌሮ እያየሁ ገና ነው፣ ቤቴ ገና ነው፣ ይቀጠላል ስል ኖርሁ። ጠዋት ስወጣ አየዋለሁ፣ ማታ ስገባ አየዋለሁ። አንቺ መጥተሽ ቤትዎ ግርማ አለው ስትይኝ፣ ለካ ይኸው በቃኝ ማለትም ይቻላል አልሁ። ለሙት ዓመቱ የመጡትን ካህናት ሸኝቼ፣ በማግስቱ ክንዱን ጠራሁት። ቁረጠው አልሁት። እንግዲህ ግማሽ የሚባል የለም። ቤቴ አለቀ ልጄ። ያስጨረስሽኝ አንቺ ነሽ፤ እግዜር ይስጥሽ።»

ዓይናዲስ ያን ጊዜ ንዴቷን የምታሳርፍበት ሰው አጣች። ሴትዮዋን ልትቆጣ አልቻለችም። ግንበኛውን ልትቆጣ አልቻለችም። የቀረችው ራሷ ናት፤ ዳቦ እየጎረሰች አንዲት ቃል የዋጠችው ራሷ። አሁን ብትናገር ደግሞ ምን ሊሆን? የተቆረጠ ፌሮ አይበቅልም። ሴትዮዋ ግን ያን ነጭ ቀሚስ እንደ ለበሱ ይሰበራሉ።

«ሸጋ ነው?» ሲሉ ጠየቋት እንደገና።

«ሸጋ ነው እትዬ» አለች።

ከስድስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ብርሃኑ መጣ። ከጣራው ጫፍ ተንሸራተተ፣ ክሬሙን ግድግዳ እየዳሰሰ ወረደ፣ የሚይዘው ነገር ግን አላገኘም። መሬት ደረሰ፤ በቃ። ዓይናዲስ ጥርሷን ነክሳ ካሜራዋን ተከለች። ወይዘሮ እንኳየሁን ግድግዳው ፊት አቆመቻቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ቤቱ ከላይ እስከ ታች ይግባ፤ እንዳትቆርጪው» አሏት። አልቆረጠችውም። ደጋግማ አነሣች። ከካሜራው ጀርባ ያለችውን ስክሪን ስታሳያቸው እሰይ እሰይ እያሉ፣ ምስሉን በጣታቸው ሊነኩት እየፈለጉ እየፈሩ አዩት።

«በር ፊት ለፊት ነው ያልሽኝ፣ አይደል?»

«አዎ፣ በር ፊት ለፊት።»

«ልጆቼን ነግሬያቸዋለሁ። አብረን እንመጣለን። አያ ምንዳዬም ይመጣል።»

ዓይናዲስ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ፣ የቀረበላትን ምሳ ሳትቀምስ፣ ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች። ሚኒባስ ውስጥ ከጋቢናው ጀርባ ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ጌትነት ጋ ደወለች። ጉቶዎቹ መቆረጣቸውን ነገረችው።

«ሌላ ፎቶ ግን አለ» አለችው። «የተለሰነ ግድግዳ ነው። ፊቱ አንዲት እናት ቆመዋል። በር ፊት ለፊት የሚሰቀለው እሱ ይሁን።»

«ጥላው የታለ?»

«ጥላ የለውም።»

«ዓይናዲስ፣ እኔ የቤት ምረቃ አላዘጋጅም። ይህን ለቤተሰባቸው አጥቢላቸው። ለአዳራሹ ያልሁሽን ካላመጣሽ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ሊመጡ ነው እኮ። ልጆቻቸውን ይዘው። ቃል ገብቻለሁ።»

«እኔ አልገባሁም» አላትና ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ማለዘቢያ ነበር። አዳራሹ እንደሄደ ገባት። ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ ወረደ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴት «ምነው እናቴ፣ ሰው ሞተብሽ?» ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። ለጌትነት የምትለውን አታውቅም፣ ለወይዘሮ እንኳየሁ የምትለውን አታውቅም። ተመልሳ መናገር አለባት፤ ዛሬውኑ፣ ፊት ለፊት፣ ዙሪያ ሳትዞር። ይህን ወሰነች። «ወራጅ አለ» ልትል አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ።

«ልጄ፣ ረስቼ ሳልጠይቅሽ ሄድሽ» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ። ከጀርባቸው የሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ ሠራተኞቹን ምሳ እያበሉ ነው። «ያን ቀን፣ አዲስ አበባ ስንመጣ፣ ምን ብለብስ ይሻላል?»

ዓይናዲስ የወሰነችውን ልትናገር ትንፋሿን ሳበች።

«የዛሬውን ይልበሱ እትዬ» አለች። «ያምርብዎታል።»